የጨርቅ ክንፍ

አገር ቤት የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ስደርስ ያገኘሁት ሥራ ግን ደብሊን የሚባል የከተማው ዳርቻ ሄዶ ቢሮ ማጽዳት ነው። ክሊንተንቪል ሰፈር አፓርታማ የምጋራቸው ሰው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጎረቤታችን አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ጋራዡ ውስጥ የአውሮፕላን ሞዴል ይሠራ ነበር። ክንፉ ላይና ታች የተደረበ፣ ባለሁለት ሞተር፣ ሆዱ እንደ ጀልባ።

"ዋናው አትላንቲክን እንዲያቋርጥ ነበር የተሠራው" አለኝ። "አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሳይሞክረው ቀረ። አባቴ ከሠሪዎቹ አንዱ ነበር።"

መካኒክ ነኝ አልኩት። ደስ አለው፤ ሞተሮቹ ግን ከእንጨት የተቀረጹ ማስመሰያዎች ነበሩ። የቸገረው ክንፉን ጨርቅ የሚያለብስለት ሰው ነው። ስለዚህ የተጠሩት ጋሼ ሆኑ።

በየቅዳሜው ይሄዳሉ። እራት ላይ "ክንፍ እኮ የሚያነሳው ጉብታው ነው" እያሉ ያስረዱኛል። ለእኔ! ስንት ዓመት ክንፍ ሥር ተንጋልዬ ለሠራሁት።

አንድ ሐሙስ ሽማግሌው ጎረቤታችን ኮል አደረገ። "ቅዳሜ ከሙዚየም ሰዎች ይመጣሉ። ጓደኛህን ማየት ይፈልጋሉ፤ ንገረው።"

"እሺ" አልኩት። አልነገርኳቸውም። የዚያን ቅዳሜ እሳቸው ከጋራዡ ቀርተው ኦቨርታይም ሲገቡ እኔ ሸሚዜን ተኩሼ ጋራዡ ሄድኩ።

አንዲት ሴት ክንፉን ዳሰሰችና "አንተ ነህ የሰፋኸው?" አለችኝ። አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደመኝ፤ "አይደለም፣ ጓደኛው ነው።"

ያን ጊዜ ስፌቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንዱ ስፌት ከሌላው አይለይም። ጥሩ መሆኑ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ማታ መልእክቱን ደብቄ ብቻዬን እንደሄድኩ ለጋሼ ነገርኳቸው።

"ቀናህብኝ?"

"አዎ።"

"እኔም እቀናብህ ነበር። አንተ ስለ ሰማይ ታወራለህ፤ እኔ ስለ ሱሪ ምን ላውራ?"

ሁለት ሳምንት እራታቸውን ለብቻቸው በሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጫማቸውን እያሰሩ፣ "በክንፎቹ መሃል ያሉት ሽቦዎች ላልተዋል። አንተ እንደምታውቅበት ለሽማግሌው ነግሬዋለሁ፤ ተነስ" አሉኝ።

ሄጄ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወጠርኩ። ቅናቱ ግን በዚያ ቀን አልለቀቀኝም፤ ሽቦ እየወጠርኩም ዓይኔ ስፌቱ ላይ ነበር።