ሳሊሀ የጠበቀችው ስንኝ

ሙርሺድ ልብስ ሰፊ ነው። ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ የእሱን ሱቅና የእኔን ጫማ መጠገኛ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሃምሳን ካለፈ በኋላ መንዙማ ልማር ብሎ ሲነሳ፣ ከማንም ቀድሜ የሰማሁትም ከማንም በላይ የተሰቃየሁትም እኔ ነኝ።

የጀመረው በሚስቱ ምክንያት ነው። ሳሊሀ የሰርቦ ልጅ ናት። አባቷ በዚያ አካባቢ የታወቁ የመንዙማ መሪ ነበሩ፤ ድቤውን እየመቱ ስንኙን ያወጣሉ፣ የተሰበሰበው ሰው ተቀብሎ ይመልሳል። መንዙማ የደረሰ ሰው መዝጊያው ላይ የራሱንና የቤተሰቡን ስም አንስቶ ዱዓ ያደርጋል። እሳቸውም ከደረሷቸው በአንዱ፣ በመጨረሻው ስንኝ፣ የትንሿን ልጃቸውን ስም አስገብተውበታል። ሳሊሀ ይህን የሰማችው ከእናቷ ነው፤ እናቷም ቃሉን አሟልታ አታስታውሰውም ነበር። አባቷ ሲሞቱ ሳሊሀ ገና ጡት አልጣለችም። ስሟ እዚያ ውስጥ እንዴት እንደሚጠራ፣ ምን እንደተለመነላት፣ አንድም ቀን አልሰማችም።

ከዚያ ታመመች። ሐኪሞቹ ሆዷን አይተው «ቤቷ ብትሆን ይሻላል» ብለው ሲመልሷት ነገሩ ለሁላችንም ገባን፤ ለእሷም ገብቷታል። ያን ሰሞን ነው ሙርሺድን «ማሎ፣ እባክህ፣ ያባቴን መንዙማ ተምረህ አሰማኝ» ያለችው።

መንዙማውን እስከ መጨረሻው የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ቀርተዋል፤ ሰርቦ ያሉት ሼህ ኡመይር። በወጣትነታቸው የአባቷ ተቀባይ ነበሩ። አሁን እግራቸው ከግቢ አያወጣቸውም፣ ድምፃቸውም በሕመም ተዘግቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቷቸዋል። ሙርሺድ ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን እየዘጋ፣ ድቤውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ በሚኒባስ ወደ እሳቸው ይመላለስ ጀመር።

ሰው በዚያ ዕድሜ አዲስ ነገር ሲጀምር ባዶ እጁን አይመጣም፤ የኖረበት ሥራም አብሮት ይመጣል። ሙርሺድ ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ ነው የኖረው። እጁ ከተንቀሳቀሰ እግሩም ይነሳል። ድቤውን ገና ሲመታው እግሩ መሬቱን መርገጥ ይጀምራል፤ ከዚያ ማን ያቁመው! ሰው ስንኙን ተቀብሎ የሚመልስበትን ፋታ እየዋጠ፣ ጨርቁ እስኪያልቅ እንደሚነዳ መኪና ይሮጣል። ሲሳሳት ደግሞ የገዛ እጁን በጥፊ ይመታል። «ደነዝ!» ይላል ራሱን። ስልኩን አውጥቶ ጺም ያላበቀሉ ልጆች መንዙማ ሲመሩ ያይና ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ይውላል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች እኔ ክርስቲያኑ እንኳ በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ሰርቦ ቆዳ ልገዛ ስሄድ አብሬው ገባሁ። ሼህ ኡመይር ሙርሺድ መትቶ እስኪያበቃ ታገሱትና እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ።

«ሱታ፣ ያ ኢልማ ኮ፣ ቀስ በል ልጄ» አሉት በሹክሹክታ። «ብቻህን ነው የምትለማመደው አይደል? መንዙማ ብቻህን አይለመድም። የሚቀበልህ ከሌለ የት ጋ እንደምታርፍ በምን ታውቃለህ? ሳሊሀ ትቀበልህ።»

«እንዴት አድርጌ፣ ሼህ? ገና አልተስተካከለልኝም እኮ። እንዲህ ሆኜማ ፊቷ አልቀርብም።»

«አለመስተካከሉን እሷም ታውቀዋለች፤ ልብስ ሰፊ ነው ያገባችው። በል ይሄን ተወውና የመጨረሻውን ላስይዝህ።»

«የለም፣ እርስዎም አይቸኩሉብኝ። ሱሪ ጎኑ ሳይሰፋ እግሩ ይታጠፋል እንዴ? መጀመሪያ መጀመሪያው ይያዝልኝ፣ ኢንሻአላህ።»

ሼሁ ሳቁ፤ ሳቃቸውም ድምፅ የለውም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አላስችል አለኝ። «ምን አለበት ቃሉን ብቻ ጠይቀህ ብትነግራት?» አልኩት።

«ቃሉን ብቻማ ማን አቃተው፣ ሚሊዮን? ከነዜማው ነው ያለችኝ።»

«እሷ ቀን የላትም፣ ሙርሺድ።»

ፊቱን አዞረብኝ። በመስኮት በኩል የሰዉን ግቢ፣ የተሰጣውን ቡና እያየ ጅማ ገባን። ተናድጄበት ነበር። ፈሪ መሆኑን ሳውቅ ደግሞ አዘንኩለት፤ በሥራው ስሙ የተጠራ ሰው፣ በሚስቱ ፊት እንደ ጀማሪ መታየት ሞት ሆኖበት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሳሊሀ እህት ዙቤይዳ ሱቁ ድረስ መጥታ «ዛሬ ሻል ብሏታል፣ ድቤውን ይዘህ ና ብላሃለች» አለችው። እምቢ ሊል ሲል እኔ ድቤውን አንስቼ ቀድሜ ወጣሁ፤ ተከተለኝ።

ሳሊሀ መስኮቱ ሥር ተኝታለች። ያቺ ገበያ መሐል ድምጿ የሚለይ ሴት ከብርድ ልብሱ በታች ያለች አትመስልም። ዙቤይዳ ትራስ ደገፈችላትና ሙርሺድ ጀመረ። የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣ፤ በቀጭን ድምፅ ተቀበለችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ እሷ ቃሉን ሳትጨርስ እሱ ሮጠ፣ ተደነቃቀፈና ቆመ።

«ቆይ፣ ከመጀመሪያው» አለ።

«ወደፊት ሂድ ዝም ብለህ።»

«ቆይ፣ ላስተካክለው።»

እንደገና ጀመረ፤ እንደገና እዚያው ላይ ተበላሸ። «አንተ ሰውዬ» አለችው ፈገግ ብላ፣ «ጀለቢያ መሰለህ እንዴ እየተረተርክ የምትሰፋው? ዋላሂ ለእኔ ያምራል። ሂድ ብቻ።» ዙቤይዳ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ፊቱ በላብ ርሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። በዚህኛው መቀበሏን ተወች። «ደከመኝ» አለች። «ነገ ትጨርስልኛለህ።»

ስንወጣ ቀለል ብሎት ነበር። «እስከ ነገ አስተካክለዋለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሱቁ ውስጥ ያንኑ ሦስተኛ ስንኝ እየደጋገመ ሳለ ዙቤይዳ ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። አፏን ሳትከፍት ገባኝ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና አላያትም፤ ድቤውን ከእጁ የቀማሁት እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ሳይደርስ ቀበሯት። ሱቁ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ቆየ፤ የግድግዳው ዝምታ ከዚያ ሁሉ ጩኸት የባሰ ነበር። ሲከፍትም ደንበኛ አያነጋግርም፣ ጨርቅ ይቆርጣል፣ ይረግጣል፣ ይሄዳል። አንድ ሐሙስ ግን ደጃፌ ላይ ቆሞ «ሰርቦ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለኝ።

ሼህ ኡመይር ዘንድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አገኘን። ሙርሺድ ከሼሁ አጠገብ ተቀመጠና ጆሮውን አስጠጋላቸው። የመጨረሻውን ስንኝ በሹክሹክታ ነገሩት፣ ዜማውን በጣታቸው መዳፉ ላይ መቱለት። ደግመው አልነገሩትም፤ አላስፈለገም። አጭር ነው። ዝግ ያለ ነው፣ ውስጡ የሚሮጥ ነገር የለም። ሙርሺድ ድቤውን አንስቶ አወጣው፤ ሽማግሌዎቹም ተቀበሉት። በኦሮምኛ ነው የተደረሰው፣ ትርጉሙም እንዲህ ነው፤ «ጌታዬ ሆይ፣ ሳሊሀ ስትጠራህ አቤት በላት።» ያ ሁሉ ሽማግሌ በአንድ ድምፅ ስሟን ሲጠራ ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ። እሱ አላለቀሰም።

ውጭ ያካፋል። ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያጠለቀ «ቀላል ነው እኮ፣ ሚሊዮን» አለኝ።

«ምኑ?»

«መጨረሻው። ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነበር። የመጀመሪያው ሐሙስ ብጠይቃቸው ማታውኑ እነግራት ነበር።»