ሲስተር ትሩፋት አልዛወርም አለች

ሲስተር ትሩፋት ከእምድብር የመጣች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ የሃያ ዘጠኝ ዓመት መነኩሲት ነበረች። መካኒሳ ውስጥ የካቶሊክ ደናግል ማኅበሯ በሚያስተዳድረው ክሊኒክ ቁስል ታጥባለች፣ ሕፃናት ትከትባለች።

በ1974 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ የማኅበሩ ንስሐ አባት አባ ዳኜ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ሲያገኟት በሩን ዘግተው ያዟት። ታግላ አመለጠች። ማምለጧ ግን እጅጌዋ ተቀዶ ነው። እንደዚያው ሆና በቀጥታ ወደ አለቃዋ ወደ ማዘር ውብነሽ ሄደች።

"ማዘር፣ አባ ዳኜ ሊደፍሩኝ ነበር።"

ማዘር ውብነሽ እጅጌዋን አዩና ፊታቸውን አዞሩ። "ልጄ፣ ዘመኑን ታውቂዋለሽ። መንግሥት ሰበብ ነው የሚፈልገው። ይህን ከሰማ ክሊኒኩን ይወርሰዋል። ለቤተ ክርስቲያን ስትይ ቻይው።"

"እኔስ የቤተ ክርስቲያን አይደለሁም?"

በሳምንቱ ከክሊኒኩ የሚያነሣት የዝውውር ደብዳቤ ከማዘር ውብነሽ ደረሳት። ደብዳቤውን እንደያዘች፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያለ ምክንያት ከክሊኒኩ ተነሥታ ልብስ ማጠቢያ የተመደበችውን ሲስተር ኤሌኒን ፈልጋ አገኘቻት።

"አንቺንም የነኩሽ አባ ዳኜ ናቸው?"

ኤሌኒ እጇን ከሳሙናው ውኃ ሳታወጣ አለቀሰች። "የእኔ ኃጢአት መስሎኝ ነበር" አለች።

ሁለቱ አብረው ለጳጳሱ አቤቱታ ጻፉ፤ ስማቸውን አስፍረው ፈረሙ። ትሩፋትም ለማዘር ውብነሽ "የታዘዝኩትን ሁሉ ፈጽሜአለሁ፤ ይህን ዝውውር ግን አልፈጽምም" ብላ ሥራዋ ላይ ቀረች።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። የቀበሌው ካድሬ ጉርሜሳ ክሊኒኩ ድረስ መጣ። "ጓዲት፣ ስብሰባ ላይ ተናገሪ። አድኃሪ ቄሶቹን እናጋልጣቸዋለን!"

"የተበደልኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ ጉርሜሳ። ለማን እንደምናገርም የምመርጠው እኔ ነኝ። የእርስዎ መፈክር አልሆንም።" ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች።

ወደ ጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ሦስት ሐሙስ ሄዳ ሦስቴ "ሥራ ላይ ናቸው" ተባለች። በአራተኛው ከኤሌኒ ጋር ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተነሡም። በመጨረሻ ጳጳሱ አስገቧቸውና አቤቱታውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ይህ ነገር ካድሬዎቹ ጆሮ ቢገባስ?"

"ገብቷል፣ አባታችን። መጥተው ጠይቀውኝ እንቢ ብያለሁ። እኔ ቤተ ክርስቲያኔን አምኜ እዚህ መጣሁ። እርስዎ ደግሞ እኛን ይመኑን።"

መርማሪዎች ተሰየሙ። በትሩፋት ጥያቄ አንዷ ከሌላ ማኅበር የመጣች መነኩሲት ሆነች። ሌሎች ሁለት እህቶችም ቃላቸውን ሰጡ። ሐምሌ ላይ አባ ዳኜ ከክህነት አገልግሎታቸው ታገዱ። ጥፋታቸውን ግን አላመኑም። ማዕድ ላይ ትሩፋትን ለአንድ ዓመት ያኮረፏት እህቶች ነበሩ፤ እሷ ሰላምታዋን ሰጥታ በደንብ ትበላ ነበር። ኤሌኒ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች።

በኋላ ትሩፋት የክሊኒኩ ኃላፊ ሆነች። አዲስ የሚመጡትን ወጣት መነኮሳት በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ ታስቀምጥና "ማንም ይሁን ማን ቢነካሽ መጥተሽ ንገሪኝ" ትላቸው ነበር። "አምንሻለሁ።"