ክዳኑ የተዘጋ ሀይላንድ

ያ መርፌ ከማን ቤት ነበር የመጣው? ዛሬም አላውቅም።

ልጅ እያለሁ አምቦ ውስጥ ከአባቴ እህት ጋር እኖር ነበር። አዳዳ ነበር የምላት። ከየሰፈሩ ባዶ ሀይላንድና ካርቶን ሰብስባ አዲስ አበባ ለሚጭን ነጋዴ ትሸጣለች። የእኔ ሥራ መለየት ነው፤ ነጩን ከሰማያዊው፣ ክዳኑን ለብቻ፣ ከዚያ ሀይላንዱን በእግር ጨፍልቆ ጆንያ ውስጥ መጠቅጠቅ። ጓሯችን የኮመጠጠ ለስላሳና የራሰ ካርቶን ይሸታል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ፣ "እመቤት ሀይላንድ፣ ዛሬስ ስንቱን ጠጣሽው?" ይሉኝ ነበር። እኔ መርገጤን እቀጥላለሁ። ሲንኮሻኮሽ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ክዳኑ ጥብቅ ያለ ሀይላንድ ገጠመኝ። እንደምንም ከፈትኩት፤ ውስጡን ሳላይ ረገጥኩት። አንድ ነገር የኮንጎ ጫማዬን በስቶ ውስጥ እግሬን ጠቅ አደረገኝ። የሕክምና መርፌዎች ነበሩ። ባለቤቱ ሰው እንዳይወጉ ብሎ፣ ሀይላንዱ ውስጥ ከቶ አጥብቆ የዘጋቸው ይመስለኛል። እኛ መጀመሪያ ከፍተን ቀጥሎ እንደምንረግጥ በምን ይወቅ?

"ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?" አለች አዳዳ ከወዲያ።

"እሾህ ነው" አልኳት። በኤድስ የተጠረጠረች ጎረቤታችን ብርጭቆዋ ለብቻ ሲቀመጥ አይቼ ነበር። መለየት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር "መጣ" እላለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ፣ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር ነው። ማንበብ ስችል፣ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለውን የኤድስ ማስታወቂያ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። "መርፌ" የሚለው ላይ ስደርስ ቀሪውን ሳላነብ ሄድኩ። ሌሎች ልጆች ማንበብ ሲችሉ ይደሰታሉ፤ እኔ ፈራሁ። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ፍርሃቴን ይዤ አደግሁ።

ዛሬ አዳዳም እኔም ጤነኞች ነን። የራሴ ቤት አለኝ፤ ቆሻሻዬን የሚወስዱት ልጆችም ጓንት ያደርጋሉ። ያም ሆኖ ክዳኑ የተዘጋ ሀይላንድ ሳይ ወደ ብርሃን አንስቼ ውስጡን ሳላይ አላልፍም።

የመርፌውን ነገር ለአዳዳ የነገርኳት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ጠዋት ካርቶን እያጠፍን ነው። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። ካርቶኑን ጣለችና እግሬን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"የቱ ጋ ነው?"

"ጠፍቷል፣ አዳዳ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን?" አለች። ነጠላዋን ለብሳ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ለደም ምርመራ ጣቴን ልትወጋ ስትል፣ አዳዳ ጣቷን አስቀደመች።

"ከእኔ ጀምሪ፣ ልጄ" አለቻት። "እኔም ስንቴ ተወግቼ ዝም ብያለሁ።"