እናቴ ያሟሸችው የብረት ድስት

የጎመን ዘር የጋለ ብረት ላይ ሲያር የሚሰጠው ጎምዛዛ ሽታ ባልጠበቅሁት ሰዓት ሲመጣብኝ፣ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ የነበረችው የእናቴ ምግብ ቤት ትመለስብኛለች። ሽታውን አልጠራጠረውም፤ የቀረውን ግን በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግረኛል።

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት እናቴ ሽሮዋን የምትሠራው በስስ የአሉሚኒየም ድስት ነበር። የዲከረንስ ዛፍ ከሰል እሳቱ ኃይለኛ በመሆኑ ድስቱ ይይዝባት፣ ሽሮውም ከሥሩ ያርባት ነበር። የባጃጅ ሹፌሮቹ «እትዬ የሺ፣ የዛሬው ሽሮ ነው ወይስ ከሰል?» ሲሏት፣ እሷም «ከሰሉ ምርቃት ነው፣ ዝም ብለህ ብላ!» እያለች ትስቅ ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን ቀልደኞቹ አንድ በአንድ ወደ ማዶው ምግብ ቤት ተሻገሩ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናቴ፣ እህቴ ውዴና እኔ የምንኖረው በዚያች ቤት ገቢ ስለነበር፣ ወንበሮቹ ባዷቸውን ሲውሉ እናቴ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ትውል ነበር።

መስቀል እንዳለፈ የቀረችንን አንዲት ጊደር ሸጣ፣ እኔን አስከትላ የማይዝግ ብረት ድስት ልትገዛ ዳንግላ ወረደች። ነጋዴው ሽማግሌ ነበሩ።

«በማብረቅረቁ አይምረጡ እናቴ፤ ያንሱትና ክብደቱን ይዩት። የዚህ መቀመጫ ሦስት ንብርብር ነው፤ እሳቱን እኩል ያዳርሰዋል።»

«እጀታውስ አይነቀልብኝም?»

«በሬ ቢጎትተውም አይነቀል!»

እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ሽማግሌው ስለ አያያዙ የነገሩን አይመስለኝም፤ ምናልባትም ነግረውን በጋሪዎቹ ጫጫታ አልሰማን ይሆናል።

እናቴ ከሸክላ ጋር ያደገች ሴት ናት፤ አዲስ ድስት በጎመን ዘር ሳይሟሽ ወጥ አይሠራበትም ነበር። በማግስቱ ጠዋት «ሳይሟሽማ አልሠራበትም» ብላ፣ ባዶውን ድስት የጋመ ከሰል ላይ ጥዳ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግማ አሸችው። ብረቱ መጀመሪያ ወየበ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያም ቤቱን ጭስ ሞላው። በድንጋጤው መካከል አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውኃ ተደፋበትና ድስቱ «ጧ!» አለ። ስናነሳው መቀመጫው አብጦ ንብርብሩ በአንድ በኩል ተላቆ ነበር።

ጥቅምትን ሙሉ በአመድና በአሸዋ ስትፈትገው ከረመች፤ ብረቱ ተጫጫረ እንጂ ያበጠው አልተመለሰም፤ ወጡም በአንድ በኩል ጥሬ፣ በሌላው በኩል አመድ ይሆንባት ነበር። አንድ ቀን እየፈተገችው «እናንተን ምን ላበላችሁ ነው?» ስትል ሰማኋት፤ እኛን ግን አላየችንም። ኅዳር ሳያልቅ ምግብ ቤቷ ተዘጋች፤ እናቴ ጥሊሊ ሄዳ ሰው ቤት በወጥ ሠሪነት ተቀጠረች፣ ውዴን አክስታችን ወሰደቻት፣ እኔም አጎቴ ጋር ቀረሁ።

በትዝታዬ ውስጥ ጣሳውን የያዘው እጅ የእናቴ ነው። ውዴ ግን «አንተ ነህ የደፋኸው፤ እሷማ እራፊ ልታመጣ ዞር ብላ ነበር» ትለኛለች። ባለፈው ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያን ቀን ውኃውን ማን ነው የደፋው?»

«እኔ ነኛ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «እንጀራህ ቀዘቀዘ፣ ብላ።»

አላመንኳትም፤ ግን ደግሜ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ዛሬ እኔም እንደዚያ ያለ ድስት አለኝ። ባዶውን እሳት ላይ አልተወውም፤ ከምድጃ ሲወርድ እስኪበርድ እጠብቀዋለሁ፤ የያዘውን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ በለስላሳ ስፖንጅ አጥበዋለሁ፤ ሲወይብም ሎሚ ይበቃዋል። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ጊዜ ሦስታችን ያረረውን ሽሮ ከአንድ ትሪ እየተሻማን እንበላ ነበር፤ ዛሬ ወጤ አያርም፣ ወደ ገበታው ግን የምቀርበው ብቻዬን ነው።