አቃቂ ላይ አንደኛ የወጣሁበት እሁድ

እሁድ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከሳሪስ ስነሳ ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፤ አራቱን የሰሚት ልጆች መቅደም። ሌላ ምክንያት ነበረኝ ብል እዋሻለሁ። በእግር መንሸራሸር፣ አገር ማየት፣ ንጹህ አየር እያልኩ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች የማወራው ሁሉ ወሬ ማሳመሪያ ነው። ወደ አቃቂ ንጹህ አየር ፍለጋ የሚሄድ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጨዋታችን ጂኦካሺንግ ይባላል። አንድ ሰው የብስኩት ቆርቆሮ ወይም የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ወረቀት ያስቀምጥና የሆነ ቦታ ይደብቀዋል፤ ከዚያ ቦታውን በስልክ መተግበሪያ ላይ ያወጣል። እኛ ስልካችንን እያየን ሄደን እንፈልጋለን። ካገኘን ወረቀቱ ላይ ስማችንን ጽፈን ዕቃውን እንደነበረ እንመልሳለን። ሽልማት የለውም። ነገር ግን አዲስ ዕቃ ሲደበቅ የወረቀቱን የመጀመሪያ መስመር የያዘ ሰው አንደኛ ይባላል። እኔን ያበላሸኝ ይሄ አንደኛ የሚሉት ነገር ነው።

አራቱ የሰሚት ልጆች ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ናቸው። የማውቃቸው በቡድን ስማቸውና በነጭ ቪትዛቸው ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ቀድመውኛል። በሦስተኛው ጊዜ ዕቃውን ከፍቼ ስማቸውን ሳይ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እንግዲህ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ፣ ደመወዝተኛ ሰው ነኝ።

ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። አዲስ ዕቃ፤ አቃቂ፣ የድሮው የባቡር ሐዲድ አካባቢ። ፍንጩ "ድንጋይና ብረት ባለበት" ይላል። ወዲያው ለራሔል ደወልኩ። ራሔል ጎረቤቴና የጨዋታ ጓደኛዬ ናት፤ የጂኦግራፊ መምህርት ስለሆነች ካርታ ላይ ከእኔ ትሻላለች። "እሁድ እኮ ነው ተሜ፣ ልተኛበት" አለች። ግን መጣች።

ከሳሪስ እስከ አቃቂ

ቀላል ባቡሩ ነጠላ በለበሱ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎችና ከሌሊት ፈረቃ በሚመለሱ ሠራተኞች ሞልቶ ነበር። ቃሊቲ፣ የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ወረድን። መንገዱ ዳር ከባድ መኪኖች አፍና ጅራት ገጥመው ቆመዋል። አንዱ ሾፌር ከጎማው አጠገብ በሃይላንድ ውሃ ፊቱን ይታጠባል፤ ውሃውን የሚያፈሰው በቁጠባ ነው። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ወደ አቃቂ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ለሰው አስራ አምስት ብር። በግራም በቀኝም መጋዘን፣ ግንብ፣ የብረት በር፣ ደግሞ መጋዘን። የወንዙ ድልድይ ጋ ስንደርስ ሽታው ገባና ተሳፋሪው ሁሉ ማንም ሳያዘው መስኮት ዘጋ። ራሔል ነጭ አረፋ ተሸክሞ የሚሄደውን ወንዝ አሳየችኝ። እኔ ስልኬን ነበር የማየው።

"ወራጅ" ብለን ስንወርድ አንዲት ሴት ከጉልት ጎን ሳምቡሳ እየጠበሰች ነው። ሁለቱ በሠላሳ ብር። ራሔል ቆመች።

"ቁርስ አልበላሁም" አለች።

"ሲመለሱ ይበላል።"

"ዕቃው እግር የለውም ተሜ።"

መልስ ልሰጣት ስል ወደ ሐዲዱ በሚወስደው ኮረኮንች አፍ ላይ ነጭ ቪትዝ ቆሞ አየሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ነጭ ቪትዝ አየሁ ማለት ድመት አየሁ ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ያለው አንድ ቪትዝ ብቻ ነበር። ራሔልን ከሳምቡሳዋ ጋር ትቼ ሮጥኩ።

አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት፣ ቦኖው ጋ

ኮረኮንቹ የሚያበቃው ከድሮዎቹ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች ፊት ለፊት ነው። እዚያ የሰፈሩ የጋራ ቧንቧ፣ ቦኖው አለ። ዝቅ ያለ የሲሚንቶ ግንብ ላይ ሁለት ቧንቧዎች ተተክለው፣ መክፈቻቸው በቆርቆሮ ሣጥን ተሸፍኖ ተቆልፏል። ስልኬ ቀርበሃል ይላል። ድንጋይ አለ፣ ብረት አለ። በግንቡ ጎን አንድ የላላ ድንጋይ አየሁና ሳብኩት። ከጀርባው የዱቄት ወተት ጣሳ ተቀምጧል።

ክዳኑን ከፈትኩት። ውስጡ ትንሽ ደብተርና በክር የታሰረ እርሳስ ነበር። የተገለጠው ገጽ ላይ "እሁድ" ይላል፤ ከስሩ አራት ስም፦ አንደኛ ዘይነባ፣ ሁለተኛ ታደሰ፣ ሦስተኛ እመቤት፣ አራተኛ ጀማል። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ከየስሙ ጎን ደግሞ ቁጥር አለ፤ አራት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት። ቁጥሩ ምንድነው ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። ደብተሩ ለምን እንደ አዲስ ዕቃ ንጹህ እንዳልሆነ፣ ከጀርባው ያሉት ገጾች ለምን በጽሑፍ እንደሞሉ አልጠየቅኩም። የታየኝ ለአራተኛ ጊዜ መቀደሜ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ሳላሳምር እጽፈዋለሁ። ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም። ገጹን ቀደድኩት። በጥንቃቄ፣ ከስሩ፣ ጥርስ እንዳይተው አድርጌ። አራት አጥፌ ኋላ ኪሴ ከተትኩት። በሚቀጥለው ንጹህ ገጽ ላይ "እሁድ፦ አንደኛ ተመስገን፣ ሁለተኛ ራሔል" ብዬ ጻፍኩና ፎቶ አነሳሁ። ጣሳው የእኛ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሌብነት ነው። ይህን የምለው ኋላ "ተሳስተህ እኮ ነው" ብለው ሊያጽናኑኝ ለሞከሩ ሰዎች ነው። የተሳሳትኩት ዕቃውን ነው፤ መቅደዱን አልተሳሳትኩም።

ራሔል ሳምቡሳ እያኘከች ስትደርስ ጣሳውን መልሼ ድንጋዩን ገጥሜያለሁ። "አገኘሁት፤ አንደኛ ነን" አልኳት። ስልኳን አየችና ግንባሯን ቋጠረች።

"ገና ሃያ ስድስት ሜትር ይቀረናል ይላል።"

"ስልክ ይሳሳታል።"

"ይህን ያህል አይሳሳትም" አለችና ሐዲዱን ይዛ ሄደች። ተከተልኳት፤ ምን ላድርግ። ከባህር ዛፎቹ አለፍ ብሎ ሐዲዱ በሣር በተዋጠበት ቦታ ተንበረከከች፤ እጇን ከብረቱ ስር ሰደደች፤ በማግኔት የተጣበቀ ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። የተጠቀለለውን ወረቀት ዘረጋችው።

"ባዶ ነው!" አለች። ፊቷ በራ። "ማንም አልመጣም ተሜ። እንካ፣ አንተ ጻፍ፤ ስትመኘው የኖርከው አንተ ነህ።"

እርሳሷን ተቀብዬ ስማችንን ጻፍኩ። ራሔል ወረቀቱን እየጠቀለለች ቀና አለችና "የቅድሙ ታዲያ ምንድነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳልመልስላት ከወደ ቦኖው ጩኸት ተሰማ።

ሁለት ሰዓት፣ ውሃ መጣ

ስንደርስ ሃያ የሚሆን ሰው ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል። ነገሩን ያስረዳን ባጃጁን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውል አንድ ጎልማሳ ነው። በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ዱሮ ጀሪካን ደርድረው ተራ ይይዙ ነበር፤ ጀሪካኑ እየጠፋ፣ መኪና እየዳጠው አስቸገረ። ስለዚህ ደብተር ተገዛ። ከፈረቃ የገባም፣ ሱቅ ሊከፍት የሚወጣም፣ ባለፈበት ሰዓት ስሙንና የጀሪካኑን ብዛት ጽፎ ይሄዳል። ደብተሩ አይቆለፍበትም፤ ነካክቶት የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። የቧንቧውን ቁልፍ የሚይዙት ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኛ ጋሽ በቀለ ናቸው።

ጋሽ በቀለ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ ሰው ናቸው። ደብተሩን ዘርግተው ይዘውታል። ፊታቸው የቆመችው ሴት የፋብሪካ ጋውኗን ገና አላወለቀችም።

"ከሌሊት ፈረቃ ስገባ ነው የጻፍኩት፤ ሦስተኛ ነበርኩ" ትላለች። እመቤት መሆኗ ገባኝ። "የታለ? ገጹ የታለ ጋሽ በቀለ?"

"ተቀዷል። እኔ አልነካሁትም።"

"ደብተሩን የሚገልጡት እርስዎ ኖት። ተመስገን ማነው? ራሔል ማናት? እዚህ ሰፈር እንዲህ የሚባል ሰው አለ? ለውጭ ሰው ተራ ሸጠው ነው።"

ራሔል ስሟ ሲጠራ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ምን እያደረግኩ ነበር? ወረቀቱን ከኋላ ኪሴ አውጥቼ ከአንዱ ባህር ዛፍ ስር በእግሬ እየገፋሁ ነበር፤ ንፋስ የወሰደው ይመስል ብዬ። ራሔል እሱንም አየች።

"ኧረ ተይ እመቤት" አሉ ጠቆር ያለ ሻሽ የጠመጠሙ እናት፤ በወሎ ቅላጼ። "አንደኛ የነበርኩ እኔ ነኝ። ዛሬ የሟች ባለቤቴ ዱዓ ነው፣ ሰው ይመጣብኛል፣ ጠብታ ውሃ ቤቴ የለም። እንዲያም ሆኖ ጋሽ በቀለ ቀደዱት አልልም። ወላሂ አልልም።"

ጋሽ በቀለ አልተቆጡም። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አውልቀው ሲሚንቶው ላይ አስቀመጡት።

"አስራ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ። ሸጠ ከተባልኩ በቃኝ። የፈለጋችሁ ያዙት።"

ቁልፉን የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። ደፍሬ አይደለም፤ ከራሔል ዓይን የማመልጥበት ሌላ መንገድ አጥቼ ነው።

"ተመስገን እኔ ነኝ" አልኩ። "የቀደድኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ እዚያ ዛፉ ስር አለ።"

"ለምን?" አሉ ጋሽ በቀለ።

ጨዋታውን አስረዳኋቸው። ሳሪስ ሆኜ ሳወራው የሚጥም ነገር ጀሪካን በያዘ ሰው ፊት እንዴት እንደሚጎመዝዝ ልነግራችሁ አልችልም።

"ወረቀት ላይ ስም ለመጻፍ ነው ከሳሪስ የመጣኸው?"

"አዎ።"

"ሽልማቱስ?"

"የለውም ጋሼ።"

እመቤት ሳቀች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከኋላ አንዱ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" አለ፤ ሰው ሁሉ ዘንዶው የቱ እንደሆነ የገባው ይመስለኛል።

"ሂድ ወረቀቱን አምጣ" አሉኝ ጋሽ በቀለ። አምጥቼ ሰጠኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ደጋግመው አሹት፤ ከደብተሩ መሐል መልሰው አስገቡት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። እሳቸው ወደ እመቤት ነው ያዩት። እመቤት መሬት መሬት እያየች ቁልፉን አነሳችና አንገታቸው ላይ መልሳ አጠለቀችላቸው። ያን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሷን ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ እርሳሱን አንስተው ስማችንን ይሰርዙታል ብዬ ስጠብቅ ጋሽ በቀለ ደብተሩን ዘጉት። "እዚህ የተጻፈ አይሰረዝም፤ ደንብ ነው። ከአራቱ ቀጥሎ ተራችሁ ነው። ስንት ጀሪካን ይዛችኋል?"

"ምንም አልያዝንም።"

"እኔ ሁለት ትርፍ አለኝ" አሉ እትዬ ዘይነባ። "በነሱ ተራ ይሞላልኝ። እሱ ይሸከማል።"

ተሸከምኩ። አራቱን የራሳቸውንም፣ ሁለቱንም ትርፍ፣ ዳገቱን አራት ጊዜ። በሦስተኛው ራሔል ሌላውን ጀሪካን አንስታ ከጎኔ ሄደች። እሷ ምን አድርጋ ነው? እትዬ ዘይነባ ሳትቀምሱ አትወጡም ብለው ዳቦና ሻይ አቀረቡልን። "ብላ እንጂ የኔ ልጅ" ሲሉኝ ዓይን ዓይናቸውን ሳላይ ቆረስኩ።

ወደ ቤት

ስንመለስ ቪትዙ እዚያው ነበር። አንዲት ሴት ከኋላው ጀሪካን እያወረደች ነው።

ከቃሊቲ ሳሪስ ባቡሩ ውስጥ ራሔል የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመስኮቱ እያየች "ባዶ ነበር እኮ" አለች። የቱን ወረቀት እንደምትል አውቃለሁ። ከፊቴ ማንም አልነበረም። ስሮጥ የነበረው ብቻዬን ነው፤ ለዚያ ስል የአንድ ሰው የአስራ አንድ ዓመት ስም ልቀድ ነበር።

ቤት ገብቼ እጄን ለመታጠብ ቧንቧ ከፈትኩ፤ መጣ። ዘጋሁት። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ሁሉ የኔን ስም እንደማይጠብቅ ነው።

ማታ ከአራቱ የሰሚት ልጆች መልእክት ደረሰኝ። "አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ቀደማችሁን፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ቦኖው ጋ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት፣ ጠዋት ሁለት ልጆች መጥተው ለአንዲት እናት ውሃ ተሸክመው ሄዱ፣ የጨዋ ልጆች ናቸው አሉን። ጨዋታችንን ስላስከበራችሁልን እናመሰግናለን።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጋሽ በቀለ ስሜን ጠብቀውልኝ ነበር። ፊቴ እየነደደ ስልኩን አነሳሁና፣ "አዛውንቱ ሁሉንም አልነገሯችሁም" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።