በበሩ ዙሪያ ያለው ቀይ መስመር

እናቴ የበሩን ዙሪያ ለምን በእኔው እጅ አስቀባችው? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ዘንድሮ ዓለም ከተማ ያለውን አሮጌ ቤቴን ከልጄ ጋር ልንቀባ ግድግዳው ላይ ውሃ ስንረጭ፣ የራሰው አፈር ሽታ ዘመሮ ወዳለው ድንጋይ ቤታችን መለሰኝ።

ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም። ገና ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤትም አልገባሁም ነበር። እናቴ ነጭ አፈር በጥብጣ ግድግዳውን በበግ ለምድ ቁራጭ ስትቀባ፣ የበሩን ዙሪያ በቀይ አፈር እንዳስጌጥ ለእኔ ተወችልኝ። መስመሩ እንዳይዛነፍብኝ ትንፋሼን ይዤ ቀባሁ።

«የማን ድግስ ነው?» አልኳት።

«የማኅበር ተራችን ደርሶ ነው።»

ጌሾ የምትወቅጠው አክስቴ ሳቀች። «እሰይ! እጇ እንዲህ ከቀና አማቷም አትማረርብን።»

«አንቺ ደግሞ፣ አፍሽን ያዢ!» አለቻት እናቴ።

እሑድ የማላውቃቸው ሰዎች በበቅሎ መጡ። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ቀዩን መስመር አዩና፣ «ይህን ማን አሳመረው?» አሉ።

«ሙሽራዋ ራሷ ናት» አሉ አባቴ በኩራት።

ሙሽራዋን ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ትዳር ሸሽቼ፣ ከሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የበሩን ነገር ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ልጄ ብሩሹን ይዛ፣ «እማዬ፣ የበሩን ዙሪያ ቀይ ላድርገው?» ስትለኝ ነገርኳት። ከዚያ ብሩሹን አስቀመጠችና፣ «ታዲያ ይህን ቤት የምንቀባው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ዝናብ ስለላጠው ነው፣ ልጄ። ሌላ ምንም የለም» አልኳት።