ለጀማነሽ የገዛሁት የጥልፍ ማሽን

ስሜ ቸሩ ነው። ቂም ላይ ደግሞ ከስሜ በላይ ቸር ነኝ፤ ለሚገባው ሰው ሳልሰስት እሰጣለሁ። ይሄን የምለው እንድትፈሩኝ አይደለም። ለባለቤቴ ለጀማነሽ የጥልፍ ማሽን የገዛሁት ለፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው። ፍቅሩም ነበረበት፤ ግን ያን ቀን ከቂርቆስ ላንቻ ድረስ በእግሬ ያስኬደኝ ቂም ነው።

ጀማነሽ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ልዩ የምትባል ሴት የባህል ልብስ ሱቅ ዘጠኝ ዓመት በእጇ ጠልፋለች። ከአንገት ተነስቶ ደረት ላይ የሚያርፈውን፣ እግሩ ሐረግ የሆነውን መስቀል ከልቧ ያወጣችው እሷ ናት። ቀሚሱን ጭኗ ላይ ታደርግና አንገቱን ወደ ራሷ አዙራ ነው የምትጠልፈው። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ጠይቄያት አላውቅም፤ ልማዷ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ልዩ ትልቅ ማሽን አስገባች። የጀማነሽን ቀሚስ ፎቶ አንስታ፣ ለኮምፒውተር ባለሙያ ሰጥታ፣ መስቀሉን እንዳለ አስቀዳችው። ከዚያ "እጅሽ ዘገየ" ብላ አሰናበተቻት። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሱቋን ወደ እኛ ሰፈር፣ ወደ ቂርቆስ አዛወረች። ጀማነሽ እቤት ቁጭ ብላ ለጎረቤት መጥለፍ ስትጀምር ታዲያ፣ ይቺ ሴት "ዲዛይኔን ሰረቀችኝ" ብላ አስወራች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ሰፈሩም አመነ። የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ እትዬ አልጋነሽ ለጀማነሽ ያዘዙትን ቀሚስ ትተው ከልዩ ገዙ፤ የሌባ እጅ የነካውን ለብሰው ታቦት ፊት እንደማይቆሙ ተናገሩ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትከናነባለች። ስሟ ነበር የተወሰደው፤ እንጀራማ ሌላ ቦታም ይገኛል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። አውቃለሁ። አውቄም ቂርቆስ ደጅ በቆምኩ ቁጥር የለመንኩት ልዩን አንድ ቀን እንዲጥልልኝ ነው።

ጠልፋ ጥላታለች፤ ስለዚህ እኛም እንጠልፋታለን አልኩ። ላንቻ የስፌት ማሽን የሚሸጠው ሱሌማን ሱቅ ገብቼ ትልቁን አሳየኝ አልኩት፣ የልዩን የሚያህለውን። ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለባለቤቴ አልኩት። ምን እንደምትጠልፍ ጠየቀኝ።

"ሰው" አልኩት።

ሱሌማን ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ቀስ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። ያ ትልቁ የሱቅ ነው፣ በቀበሌ ቤት በር አይገባም፤ ለቤት የሚሆነው ይሄ ትንሹ ነው አለኝ። ጉድለቱንም አልደበቀኝም። ጨርቁ የሚወጠርበት ፍሬም መዳፍ ስለሚያክል ረጅም መስቀል በአንዴ አይይዝም፤ መጀመሪያ ላዩን፣ ከዚያ ጨርቁን ፈትቶ እንደገና በመወጠር እግሩን መጥለፍ ነው። ይሄን ስሰማ ተበሳጨሁ። ልዩ በአንዴ የምትጨርሰውን የእኔዋ በሁለት ልትጨርስ! በቃ ልወጣ ስል ሞክሬ ላሳይህ አለኝና፣ ከተማው ሁሉ የሚጠይቀው ዲዛይን ነው ብሎ አንድ ፍላሽ ሰካ።

የጀማነሽ መስቀል ነበር። ደሜ ፈላ። እሱ ከማሽኑ ጋ፣ እኔ ከባንኮኒው ማዶ ቆመን እናያለን፤ መስቀሉ ለእሱ ቀጥ ብሎ፣ ለእኔ ተዘቅዝቆ። ላዩን ጨርሶ፣ ጨርቁን እንደገና ወጥሮ መርፌዋ እግሩ ላይ ስትደርስ እሱ ሐረግ ያየበት ቦታ ላይ እኔ ፊደል አየሁ። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ፊደል አያመልጠኝም። "ጀማ" ይላል። የሰረቀችን ሴት ማሽን የሚስቴን ስም ሲጽፍ ከርሟል።

ትንሹን ማሽን ተሸክሜ፣ ፍላሹንም አስጨምሬ ቤቴ ገባሁ። ጀማነሽ ማሽኑን በመዳፏ ዳበሰችና አለቀሰች። ስለ ፊደሉ ስነግራት ግን ምንም አልገረማትም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ትጽፈዋለች፤ ለተመልካች ሳይሆን ለለባሿ፣ ጎንበስ ስትል እንድታነበው። ልዩ ሳታውቅ ስሙንም አብራ እንደቀዳችው ደግሞ ጀማነሽ ገና በመጀመሪያው ወር፣ የሰው ደረት ላይ አይታዋለች።

"ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

"ብዙ ሰው እስኪለብሰው" አለችኝ።

እኔ ቂመኛ ነኝ ስል ኖሬያለሁ። ለካ መምህሬ አጠገቤ ነው የምትተኛው።

የቂርቆስ ንግሥ፣ ጥር አሥራ አምስት ደረሰ። ጀማነሽ በአዲሱ ማሽን የራሷን ቀሚስ ጠለፈች። ላዩን እንደነበረ አድርጋ፣ እግሩ ላይ ስትደርስ ጨርቁን ፈትታ አዙራ ወጠረችው። ያ የተበሳጨሁበት ጉድለት ነው የጠቀማት፤ ስሟ ወደ ተመልካች ዞረ። ያን ቀን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ብቻ ጣል አድርጋ ወጣች።

ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ ሴቶች ግቢው ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ሠላሳ ይሆናሉ፣ ሁሉም የልዩን ቀሚስ ለብሰዋል። ልዩም ራሷ ለብሳ መሃላቸው ቆማ ትመረቃለች። እትዬ አልጋነሽ የጀማነሽን ደረት ሲያዩ ፊታቸው ተቀየረ። በሰው መስቀል ላይ የራሷን ስም መጻፏ እንዳላሳፈራት ሁሉም እየሰማ ጠየቋት።

ጀማነሽ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እርስዎም ላይ አለ፣ እትዬ" አለቻቸው። "ዝቅ ብለው ያንብቡት።"

እትዬ አልጋነሽ መነጽራቸውን አወጡና አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ "ጀ... ማ" አሉ፣ እንደ ቄስ ተማሪ። አጠገባቸው ያለችው ጎንበስ አለች፤ ቀጥላ ያለችውም። ሠላሳ ሴት በቂርቆስ ግቢ የገዛ ደረቷን ታነብ ጀመር። ከመካከላቸው አንዷ "የማን ስም ነው ታዲያ?" ብላ ወደ ልዩ ዞረች።

እኔ ለዚያ ሰዓት ያዘጋጀሁት የስድብ ዓይነት ለሳምንት ይበቃ ነበር። አንዱንም አልተጠቀምኩበትም። ልዩ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሲያያት አንገቷን ደፋች፤ ስትደፋ ደግሞ እዚያው ደረቷ ላይ ጀማነሽን አገኘቻት።